ደጃፍ ላይ የተዘፈዘፈ ሥጋ

ቦሎኛ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1995

ይድረስ ለልጄ ለእጸገነት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የእናትሽ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ከመግባቱ በቀር በአምላክ ቸርነት አለሁ። የቂርቆስ አምላክ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውራችሁ። ደጁን ስትስሚ ለእኔም ጭምር ሳሚልኝ።

ካዛንቺስ ካለው የሆቴል ሥራሽ መውጣትሽን ከእናትሽ ደብዳቤ ሰማሁ። ለምን እንደወጣሽ አልጻፈችም፤ "ልጅቷ እልኸኛ ናት" ብላ አለፈችው። እኔና እናትሽ የወንድማማች ልጆች ነን፣ ያደግነውም በአንድ ጣራ ሥር ነው። እልሁ የቤታችን ስለሆነ አልተገረምኩም።

ለማንኛውም በጥሩ ጊዜ ነው የወጣሽው። የማገለግላት አሮጊት ሲኞራ እህት አለቻት። እሷም ቤት ውስጥ የምትረዳት ሴት ትፈልጋለች። ሥራው ማብሰል፣ ማጠብ፣ አብሮ መቀመጥ ነው። ሌላው ሰው ደጅ ጠንቶ የማያገኘውን እኔ ባንድ ቃል ጨርሼልሻለሁ። ፓስፖርት አውጪ፣ ጉርድ ፎቶግራፍም ላኪ። ስትነሺ ፊትሽን ፈታ አድርጊው፤ የተቆጣ ሰው ፎቶ ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ደግሞ እናትሽ የምታዘጋጀውን አዋዜ በጠርሙስ ላኪልኝ።

አክስትሽ ጀማነሽ


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጀማነሽ፣

ሰላምታዬ ከእማዬ ምርቃት ጋር ይድረስዎ። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ሲሆን አያማትም፣ ውሃ መቅዳት ሲሆን ነው የሚያማት።

አዋዜውን ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ። ፎቶግራፉን ግን አልላክሁም። እንዳይቀየሙኝ ምክንያቱን ልንገርዎት።

ሆቴሉ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሽንኩርት ስልጥ ነው የኖርኩት። ሥጋ የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ወደዚያ ጠረጴዛ አያስጠጉኝም ነበር። አንድ ቀን ሥጋ ቆራጩ ቀረ። የመጣው ሥጋ ደግሞ ሲያርስ ያረጀ በሬ ነው፤ ቢጠበስም የማይታኘክ። የሥጋውን ክር አቋርጬ ቆረጥኩት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥብስ ቅጠልና በጥቂት አረቄ አሸሁት፣ ዘፍዝፌም አሳደርኩት። በማግስቱ እንግዶቹ በልተው ሼፉን አስጠርተው ጨበጡት። ሼፉም ተጨበጠ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ "በይ ወደ ሽንኩርትሽ" አለኝ። ሽርጤን አወለቅኩና ሽንኩርቱ ላይ ጣልኩለት። በቃ፣ እንዲህ ነው የወጣሁት።

አሁን ቤቴ ሆኜ የጎረቤት ሥጋ እዘፈዝፋለሁ። ሰዉ ከቄራ አንገት ወይም ታፋ ገዝቶ ሲመጣ ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል። ጅማቱን አወጣለሁ፣ ቅመም አሻለሁ፣ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሊወስዱት ሲመጡ ጨው አደርግበታለሁ፤ እነሱ ቤታቸው መጥበስ ብቻ ነው። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች እንኳ በልተው መርቀውኛል። አክስቴ፣ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ፤ ሌላ አልፈልግም።

ልጅዎ እጸገነት


ቦሎኛ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1996

ይድረስ ለእጸገነት፣

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥሽ ብዬ ልጀምር። አዋዜው ደርሶኛል፣ እናትሽን እጇን ይባርከው። ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥርም ተናደድኩ።

እኛ ሀገር ሥጋ የሚዘፈዝፍ ማን ነው? ሥጋ የነከረ የሸተተ ሊደብቅ ነው እንደሚባል አታውቂም? ነገ አንዱን ሆዱን ቢቆርጠው ስምሽ ከቂርቆስ እስከ ስታዲየም ሲዞር ይውላል። እናትሽ ያን ሁሉ መከራ ችላ ያሳደገችሽ ቁጭ ብለሽ የጎረቤት ጅማት ልታወጪ ነው?

ደግሞ ጨዉን መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ ትያለሽ። ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው! ጨው መጀመሪያ ነው። ማታ ገብቶ፣ አድሮ፣ ውስጡ ድረስ ካልዘለቀ ላዩ ጨው፣ ውስጡ አልጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘመን የጣልያንን ሥጋ የጠበስኩት በከንቱ አይደለም። በወይን ስዘፈዝፍ እንኳ ጨዉን አስቀድማለሁ። ይህንን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ እሷ ታስረዳሻለች።

ፎቶግራፉን አሁንም እጠብቃለሁ። ስለ ማደሪያ አታስቢ፤ ክፍሌ ሁለት አልጋ ይችላል፣ ከእኔው ጋር ታድሪያለሽ።

አክስትሽ ጀማነሽ


ቂርቆስ፣ የካቲት 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጀማነሽ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። ቁጣዎ በሙሉ ደርሶኛል፣ መንገድ ላይ የጎደለ የለም። እንዳዘዙኝ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጨው መጀመሪያ ነው የሚለው ጋ ስደርስ "ይኸው! እኔስ ምን አልኩሽ?" ብላ ጭኗን መታች።

እኔ ግን አልተስማማሁም። የእርስዎ ሥጋ በድሎት ያደገ የጣልያን ጥጃ ነው። የእኔ ሥጋ ዕድሜውን ሙሉ ቀንበር የተሸከመ ነው፤ ከማታው ጨው ካገኘው ውሃውን ሁሉ ይተፋና ጠዋት ጫማ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጨው መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ንቅንቅ አልልም።

ስለ ሽታው ያሉት ግን እውነት ነው፣ ተወርቷል። ያስወራው ካዛንቺስ ሥጋ ቤት ያለው ሃድጉ ነው። ለደንበኞቹ "ጥሩ ሥጋ ራቁቱን ነው የሚሸጠው፤ እሷ የምታለብሰው የምትደብቀው ቢኖራት ነው" ይላቸዋል። የእሱ ሥጋ ቅመም እንደማያስፈልገው አልጠፋኝም። የእሱን ሽንጥ የሚበላው ግን በሩ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ነው። የእኔ ሠፈር አንገት ነው የሚበላው፣ ያውም በዓል ሲሆን። አንገት የገዛ ሰው ጣፍጦት ቢበላ ሃድጉን ምን አገባው?

ወሬውን የሰማሁ ዕለት ጓዳ የነበረውን ገበቴ አውጥቼ ደጃፌ ላይ፣ ሰዉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር አስቀመጥኩት። ሥጋው ከዘንቢል ሲወጣ የፈለገ ቀርቦ ያሸታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅመም የሚነካው። ሃድጉ ራሱ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ "ና አሽትና ሂድ!" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ቅመም የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ሳዲያ፣ የወሎዋ፣ ሱቋ ውስጥ ሆና ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሥራው የሲኞራ እህት ቤት ነበር። አሁን ደግሞ ማደሪያዬ የእርስዎ ክፍል ሆኗል። እህትየዋ የት ሄደች?

ልጅዎ እጸገነት


ቦሎኛ፣ ማርች 20 ቀን 1996

ይድረስ ለእጸገነት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። የጠየቅሽኝን ስትመጪ እናወራዋለን፤ የቤት ውስጥ ነገር በወረቀት አያልቅም። የሲኞራ ልጅ ኢንጂነር ነው፣ ችኩል ነው። ትኬቱን እሱ ይቆርጣል፤ ከፋሲካ በኋላ ሳትዘገዪ እንድትደርሺ ይፈልጋል። "የታመመ ሰው ከአልጋ ማንሳት ትችላለች ወይ?" ብሎ ጠይቆኝ፣ ትችላለች ብያለሁ። ጡንቻሽ እንዴት ነው?

ፓስፖርቱን አጣድፊው፤ አደራሽን።

አክስትሽ ጀማነሽ

ጨው ግን መጀመሪያ ነው።


ቂርቆስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጀማነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። የዘገየሁት ጉድ ስለገጠመኝ ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት።

የግቢያችን ሰው ለፋሲካ በሬ ቅርጫ ገብቶ ነበር። የቅርጫው ዳኛ አቶ ተስፋማርያም ናቸው፤ ሲያካፍሉ ለራሳቸው ወንድም እንኳ አንዲት ቁራጭ የማያስበልጡ ሰው። እሳቸው ራሳቸው "ጠንካራ ጠንካራውን ለእጸገነት ስጧት፤ ከቅዳሴ ስንመለስ ጾማችንን በእሱ እንፈታለን" አሉ። የየቤቱ ሥጋ በየሳህኑ ሆኖ ደጃፌ ላይ ተደረደረ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ኮራሁ። ሃድጉ ቢያየው ብዬ እያሰብኩ ስቆርጥ አረፈድኩ።

እንደሚያውቁት ከዓርብ ጀምሮ አክፍለን ነበር፤ እህልም ውሃም በአፋችን አልዞረም። ስለዚህ መቅመስ የሚባል ነገር የለም። ሳዲያ ጾም የለባትም፤ ግን የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ባጭሩ በዚያ ግቢ ቅዳሜ ዕለት ሥጋ ቀምሶ "ይበቃዋል" የሚል ሰው አልነበረም። እኔም አልተጨነቅኩም፤ እጄ መጠኑን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሊወስድ ሲመጣ እንደ ልማዴ ጨው አደረግኩበት።

ለካ እማዬ ጠዋት እኔ ወፍጮ ቤት ስሄድ እሷም ጨው አድርጋበታለች። የእርስዎን ደብዳቤ ሰምታ፣ ልጅቷ እልህ ይዟት እንጂ ጀማነሽ ታውቃለች ብላ፣ እኔን ልትረዳኝ ነው። አልነገረችኝም። ብትነግረኝ እንደምጮህባት ታውቃለች።

ሁለት ወር ሙሉ በጾመ ሰው አፍ ውስጥ ያ ሥጋ ሲገባ የሚሆነውን ያስቡት። ከቅዳሴ ተመልሰን ገና የእኛን ምድጃ ሳናቀጣጥል በራችን ተደበደበ። አቶ ተስፋማርያም ናቸው። "ይህን ሁሉ ቀን የጾምኩት ለዚህ ነው? ሥጋ ነው ወይስ አሞሌ ነው ያበላሽኝ?" አሉ። ከኋላቸው ግቢው በሙሉ ሳህን ሳህኑን ይዞ ቆሟል። ያኔ ነው እማዬ የገባት፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። "ገበቴው የእኔ፣ ጨዉም የእኔ ነው። ሳህኖቹን ወዲህ አምጡ" አልኩ።

የእኛን ድርሻ፣ ጊዜ አጥቼ ሳልዘፈዝፈው የቀረውንና ጨው ያልነካውን፣ አንድም ሳላስቀር ቆረጥኩት። የእነሱን በውሃ አለቅልቄ ከእኛው ጋር ቀላቀልኩት፣ ቀይ ሽንኩርት በገፍ ጨምሬ ጠበስኩት፣ ለየቤቱም በየሳህኑ አደረስኩ። ተበላ። ለእኛ የተረፈ አልነበረም። ዘንድሮ በፋሲካ ጾሙን በሽሮ የፈታ ቂርቆስ ውስጥ ቢኖር እኔና እማዬ ነን። እሷ እያለቀሰች በላች፣ እኔ እየተናደድኩ በላሁ። ሽሮው ግን ጨዉ ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደጃፌ ጭር አለ። ሃድጉ "ሽታው አልደበቅ ሲላት በጨው መጣች" እያለ አወራ። ገበቴውን ግን አላስገባሁም። ባዶውን ጠዋት ጠዋት አጥቤ መንገዱ ዳር አስቀምጥና አጠገቡ እቀመጥ ነበር። እማዬ "ኧረ ግቢ፣ ሰው ይስቅብናል" ትለኛለች። "ይሳቅ! መንገዱ የጋራ ነው፣ ደጃፉ የእኔ ነው" እላታለሁ። ጠዋት እንዲህ እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አለቅስ ነበር፣ እሱንም አልደብቅዎትም። ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

አረፋ ሲደርስ ሳዲያ መጣች። የአረፋውን በሬ ታፋ፣ የራሷን ገበቴ፣ የራሷን ቢላዋና መክተፊያ ይዛ። የእኔ ዕቃ የክርስቲያን ሥጋ ስለነካው ነው፤ ደንቡ ነው፣ እኔም አልከፋኝም። "ከአንቺ የምፈልገው እጅሽን ብቻ ነው" አለችኝ። አረቄ አይሆንምና በእርጎና በሎሚ ዘፈዘፍኩላት። ጨው ላይ ስንደርስ ጥቂቱን ጠብሳ እሷው ቀመሰችና "አንዲት ቆንጠር ጨምሪ" አለች። ከወሎ የመጡ አማቶቿ በልተው ማን እንደሠራው ሲጠይቁ "ያቺ በጨው ስሟ የጠፋው ናት" አለቻቸው፤ ወጥተው ደጃፌ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ። መንገደኛው ሁሉ አየ።

ትላንት አቶ ተስፋማርያምም አንገት በዘንቢል ይዘው ብቅ አሉ። "ቅመሙን አንቺ፤ ጨዉን እኔው ቤቴ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ስለዚህ አክስቴ፣ አልመጣም። ፓስፖርትም አላወጣሁም። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። እህትየዋ የት ናት? ከአልጋ የማነሳውስ ማንን ነው?

ልጅዎ እጸገነት


ቦሎኛ፣ ጁን 30 ቀን 1996

ልጄ እጸገነት፣

የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስለጠፋኝ ነው። የጨዉን ነገር ሳነብ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ ቆይቶ እንባው የእውነት ሆነ። እናትሽን እንዳትቆጫት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሲኞራ እህት የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ሥራው የእኔው ሥራ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ሰሞን ሲኞራን ከመታጠቢያው ሳወጣት አመለጠችኝ፤ አልተጎዳችም፣ ልጇ ግን አየ። "ወጣት ዘመድ ካመጣሽ ሥራውን እሷ ትይዛለች፣ አንቺም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖሪያለሽ። ካልሆነ ሌላ ሴት እቀጥራለሁ፣ ክፍሉም የእሷ ይሆናል" አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያረጀ ምድጃ እንደሚቀይር ሰው ነው ረጋ ብሎ የነገረኝ።

ለአንቺ አስቤ ነው እያልኩ ራሴንም ሳታልል ከረምኩ። የጠራሁሽ ለእኔ ስል ነው።

ወደ ሀገር ተመለሺ የሚለኝ ሰው አለ። ምን ይዤ ልመለስ? ከውጭ መጣች ሲባል ሰዉ መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣዬን ነው። ባዶ እጄን ደጃችሁ ላይ ከምቆም እዚሁ አፈሩ ቢበላኝ ይሻለኛል። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። መልስ ባትጽፊልኝም አልፈርድብሽም።

ጀማነሽ


ቂርቆስ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታውን ዛሬ ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት በእርስዎ ነው፤ ሳልጠየቅ ሊሰጡኝ ነበር። ቀጥሎ በዚያ ኢንጂነር ተናደድኩ። ለእማዬም አነበብኩላት። ጨርሼ ስቀመጥ "ብዕሩን አንሺና ትምጣ በያት" አለችኝ። ባትለኝም ልጽፈው የነበረው እሱኑ ነው።

እኔ አልመጣም። የማንም ምትክ አይደለሁም፤ እርስዎም ምትክ የሚፈለግልዎ ዕቃ አይደሉም። ለሲኞራ ልጅ ይህንን ይበሉልኝ፤ በጣልያንኛ እንዴት እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ።

እርስዎ ይምጡ። ሻንጣዎን የሚያይ ይየው! እኔ ባዶ ገበቴ አጠገብ ተቀምጬ ሠፈር ሲስቅብኝ አልሞትኩም፤ እርስዎም አይሞቱም።

ደግሞ እንዳላታለልኩዎ አስቀድሜ ልንገርዎት። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ በመጋረጃ ነው የከፈልነው። እማዬ ታንኮራፋለች። ክረምት ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱም የግቢው ሰው የጋራ ነው። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከልብስ አይለቅም። ካዛንቺስም ያኔ የሚያውቋት አይደለችም፤ ግማሹ መንገድ ይጠፋዎታል።

የምጠራዎ ተቀምጠው እንዲጦሩም አይደለም። ሥራ በዝቶብኛል። የመስቀል ሥጋ ሊያመጡ ከአሁኑ ቀጠሮ የያዙ አሉ፤ ብቻዬን አልችለውም። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ፣ ቅመሙን እርስዎ ያሻሉ። የሚሉትን በወይን መዘፍዘፍም እንሞክረዋለን። በጨዉ ነገር ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጣላለን፣ በፖስታ ስንጣላ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

እንደ ፊቱ ይቆጡኝ፤ እንዳያፍሩኝ ብቻ።

እጸገነት


ቦሎኛ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1996

ልጄ እጸገነት፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ የከበደኝ ነገር ቀለለኝ። እንቁጣጣሽን እዚህ ሆኜ ማክበሬ ነው፤ ለመስቀል ግን አብረን ነን። ትኬቱን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። ለእናትሽ ንገሪያት፣ መጋረጃውንም አጥባችሁ ጠብቁኝ።

ስለ ምትክ የጻፍሽውን ለሲኞራ ልጅ በጣልያንኛ ነገርኩት። ያምራል፣ ከአማርኛውም ይጠነክራል። አዲስ የሚቀጥራት ሴት ሥራውን እስክትለምድ ድረስ እስከ ገና ልቆይለት ለመነኝ። አልቆይም አልኩት። በዚህ ቤት ውስጥ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ትላንት ልብሴን ስሸክፍ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እውነትም ጨንቆታል።

"ታዲያ እናቴን ማን ሊያጥባት ነው?" አለኝ።

"የማን እናት ናት?" አልኩት።

አክስትሽ ጀማነሽ